ቅንጣት የሚያጋጩ ሰዎችን ኳንተም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋቸው?

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደሴ፣ ማክሰኞ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ። ስልኬ 31 ፐርሰንት ነበረው። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የምንሰባሰብበት የቴሌግራም ቡድን አለን፤ ሳይንስም ይወራበታል፣ የበግ ዋጋም ይወራበታል። በአራት ቀን 41 መልስ መጣ። ቡድኑ ውስጥ የሌሉ ጓደኞቼ ምን ተባለ እያሉ ስለጨቀጨቁኝ በራሴ አፍ ልተርከው። የዘለልኩት ነገር ካለ ስድብ ነበር ማለት ነው። ዓመቶቹ ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንደምል መልስ 11 ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

የመክፈቻ ጽሑፌ ይህ ነበር፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ። ዛሬ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ክፍል ውስጥ አፋጠጠኝ። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የሚባለው የምርምር ማዕከል ሥራው ፕሮቶን ማጋጨት ነው። ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞር ዋሻ አለው። በ2012 ሂግስ የተባለውን ቅንጣት ያገኙት እዚያ ነው። ታዲያ በ2020 የኳንተም ቴክኖሎጂ ፕሮግራም የሚባል ሌላ ሥራ ጀመረ፤ ኳንተም እንደ አቶምና ብርሃን ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚመሩበት ሕግ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፈርሚላብም የኳንተም ማዕከል እንዲመራ ተመረጠ፤ ለአምስት ዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር። ልጁ እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሥራ አልቆባቸው ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልስ ሳጣ ፋሽን ነው፣ ገንዘቡ ወዳለበት መሄዳቸው ነው አልኩት። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ልክ ከሆንኩም ንገሩኝ፤ ነገ ጠዋት ክፍል አለኝ።

መልስ 1 አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ኮምቦልቻ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምር እህታችን ናት። ከዚህ በኋላ መምህርቷ እላታለሁ። እንደ ወጉ ሰላምታ አስቀደመች፣ ቤተሰብ ጠየቀች፣ የደሴን ብርድ ጠየቀች። ከዚያ በትህትና አረመችኝ። ሰርን ኳንተም ኮምፒውተር ሠርቶ ሊሸጥ አልተነሳም። በ2021 ያወጣው ዕቅድ አራት መስመር ነበረው፤ ስሌት፣ ቲዎሪና ሲሙሌሽን፣ መለኪያና ዳሳሽ፣ ከዚያ ግንኙነት። ደግሞስ የቅንጣት ፊዚክስ ከድሮም ኳንተም አይደለም ወይ? ሁለት ፕሮቶን ሲጋጩ ምን ሊወጣ እንደሚችል የሚሰላው በኳንተም ሕግ ነው። እዚያው ሰርን ውስጥ አትላስ የሚባለው ሙከራ በ2023 አንድ ውጤት አሳውቋል። ቶፕ ኳርክ የሚባል ቅንጣትና ተቃራኒ መንታው ጸረ ቶፕ ኳርክ አብረው ሲወለዱ በኳንተም ተቆራኝተው ይወጣሉ፤ የአንዱን ሁኔታ ከሌላው ነጥሎ መግለጽ አይቻልም። ያን ያህል ጉልበት ላይ ቁርኝት ታይቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ በእሷ አባባል የእኔ ጥያቄ የባቲን ሰው ግመል ገበያ ምን ጥልቅ አደረገህ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። በማር የተለወሰች ስድብ ናት፤ ዋጥኳት።

መልስ 2 ማር የሚባል ነገር የለበትም። አንድ የደሴ ፒያሳ ልጅ ነው። እኛ መብራትና ውሃ በተራ እያገኘን መምህር ተብዬው በጨለማ ተቀምጦ ስለ ስዊዘርላንድ ዋሻ ይጨነቃል ሲል ጻፈ። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ ነው። አልተከራከርኩም፤ እውነትም በጨለማ ተቀምጬ ነበር።

መልስ 3 ግን አልማረውም። እዚያም መብራት ይጠፋል አለው። በኤፕሪል 2016 ድመት የምታክል አንዲት የዱር እንስሳ የሰርን ትራንስፎርመር ላይ ወጥታ ሽቦ አገናኘች። እሷም ሞተች፣ በዓለም ትልቁ ማሽንም ለቀናት ቆመ። መልስ 4 እንስሳዋ ከጦሳ ተራራ የሄደች ትሆን እንዴ ብሎ ቀለደና ሰው ሁሉ ሳቀ።

መልስ 5 ላይ ክሩ ተቀየረ። ኮምቦልቻ ውስጥ ፍሪጅና የስጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡድኑ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንዲሁ። ጋሼ ስለ ኳንተም አንድም ነገር አልጠየቁም። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ምን ጋዝ ነው የሚሞሉት? እስከ ስንት ነው የሚወርደው? ያ ሁሉ ብርድስ ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው ከሚጠግኑት ሁሉ ብርቱው ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል። ከዚያ ሲወርድ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ራሱ ማስቸገር ይጀምራል ይላሉ።

መምህርቷ በመልስ 6 ረጅም ጽሑፍ ይዛ መጣች። ደስ ያላት ትመስላለች፤ ተማሪዎቿ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቋት አይመስለኝም። ጋዙ ሂሊየም ነው። ሌላው ጋዝ ሁሉ ያን ያህል ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ሂሊየም ግን 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈሳሽ ይሆናል እንጂ አይጠጥርም። የሰርን ትልቁ ማሽን ከዚህም ወርዶ 1.9 ኬልቪን ላይ ይሠራል። ባዶው ህዋ እንኳ 2.7 ነው። 120 ቶን ያህል ሂሊየም ውስጡ አለ። ከ2.17 ኬልቪን በታች የሂሊየም ጠባይ ይለወጣል፤ መጎተት የሚባል ነገር ሳይኖርበት ይፈሳል፣ ሙቀትንም ከየትኛውም ብረት በላይ ያሳልፋል። ብርዱ የሚያስፈልገው ለማግኔቶቹ ነው። ዋናዎቹ 1,232 ናቸው፤ እያንዳንዱ 15 ሜትር ይረዝማል፣ 35 ቶን ይመዝናል። ሽቦአቸው ከ11 ሺህ አምፔር በላይ ያለ ኪሳራ የሚሸከመው እንዲህ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ይህ ገና ማሽኑ ነው። የኳንተም ኮምፒውተር መሠረት ኪውቢት ነው፤ ሲነበብ 0 ወይም 1 ይሰጣል፣ ሳይነበብ ግን ሁለቱንም ቀላቅሎ መያዝ ይችላል። ብዙዎቹ ኪውቢቶች ያለ ኪሳራ ኤሌክትሪክ ከሚያሳልፍ ብረት የተሠሩ ትንንሽ ሰርኪቶች ናቸው። እነሱ ወደ 0.01 ኬልቪን መውረድ አለባቸው። ምክንያቱም ሙቀት ራሱ ጫጫታ ነው። ኪውቢቱ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ትንሽ ሙቀት ካለ ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ እንደማንሾካሾክ ይሆናል። እዚያ ብርድ ላይ የሚያደርሰው ፍሪጅ ሁለት ዓይነት ሂሊየም ያዋህዳል፤ ሂሊየም 3 እና ሂሊየም 4። ሂሊየም 3 እሱ ከሚበዛበት ፈሳሽ እሱ ወደሚያንስበት ሲሻገር ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መምህርቷ ምሳሌውን ከቤት አመጣችው። በኮምቦልቻ ፀሐይ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ጀሪካን ውሃው የሚቀዘቅዘው ለምንድን ነው? ከጆንያው የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ያኛውም ትነት የሚመስል ነገር ነው፤ ከፈሳሽ ወደ ፈሳሽ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ጋሼ በመልስ 7 ገብቶኛል አሉ። ወዲያው ስለ ሊክ ጠየቁ። እሳቸው ጋዝ የሚያፈስ ቱቦ ሲጠረጥሩ የሳሙና አረፋ ይቀቡና ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። የምትነፋው ፊኛ አንዳንዴ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ሂሊየም ደግሞ ሾላኪ ነው፤ በየትኛው ሳሙና ይያዛል?

መምህርቷ በመልስ 8 ሳሙናውን አልፋ ወደ ታሪክ ገባች። በነገራችን ላይ ሊክ የሚፈለገው በራሱ በሂሊየም ነው። ከውጭ ሂሊየም ይነፋበታል፤ ውስጡ አየር የሌለው ነውና ሰርጎ የገባውን መሣሪያ ይቆጥራል። ታሪኩ ግን የሴፕቴምበር 19፣ 2008 ነው። ማሽኑ ሥራ በጀመረ በዘጠነኛው ቀን በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሸ። የተነሳው የኤሌክትሪክ እሳት የሂሊየሙን ዕቃ በሳው። ስድስት ቶን ያህል ሂሊየም ወጣ፣ 53 ማግኔት ከዋሻው ወጥቶ መጠገን ወይም መተካት ነበረበት፣ ማሽኑም እስከ ኖቬምበር 2009 አልተነሳም። ጋሼ ይህን አንብበው የእጅ ምልክት ብቻ ላኩ፤ አንድ አውራ ጣት። የመጋጠሚያ ነገር ለእሳቸው አዲስ አይደለም።

የእኔ የፋሽን መላምት መፍረስ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ኪውቢት የሚፈልገው ብርድ፣ አየር አልባነትና የማያፈስ መጋጠሚያ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ይህን ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ጥልቅ ያሉት እነሱ ሳይሆኑ ኳንተሙ ራሱ ቤታቸው የመጣ መሰለኝ።

መልስ 9 እና 10 ደሴ ትበርዳለች፣ ኮምቦልቻ ትሞቃለች የሚለው የዘወትር ንትርክ ነው። አልፈዋለሁ። የደሴው ልጅ የኮምቦልቻ ሰው ጃኬት የሚገዛው ደሴ ሊመጣ ሲል ነው አለ፤ የኮምቦልቻው ደግሞ የደሴ ሰው በነሐሴ ጋቢውን የሚያወልቀው እነሱ ጋ ሲወርድ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት ነው።

መልስ 11 አንድ ወንድማችን ሂግስ በ2012 ተገኘ መባሉ ስህተት ነው ብሎ ተነሳ። 2012 የኮሮና ዓመት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ፣ እንዲህ ያለ ዜና አልሰማሁም አለ። መልስ 12 ደግሞ ጨካኝ ነበር፤ ቀን መቁጠሪያ ሳይለይ ፊዚክስ የሚያርም ሰው ብሎ አሳቀበት። መልስ 13 እኔ ነኝ። ጁላይ መግቢያ ላይ፣ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑን ጻፍኩና ጥፋቱ ዓመቱን ሳልገልጽ የጻፍኩት የእኔ ነው አልኩ። ወንድማችን አብሽር መምህር ብሎ ይቅር አለኝ።

ከሁሉ የወደድኩት መልስ 14 ነው። ሆጤ ያደገች፣ አሁን ጀርመን የቁሳቁስ ሳይንስ የምትማር ልጅ ናት። ስለ ፈርሚላብ ማንም አላነሳም ብላ ተቆጣችና ጀመረች። እዚያ ኒዮቢየም ከሚባል ብረት ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ይሠራሉ፤ ካቪቲ ይሉታል። መጀመሪያ የተሠራው ቅንጣት ለማፋጠን ነው። ሬዲዮ ሞገድ ውስጡ ታስሮ በሰከንድ 1.3 ቢሊዮን ጊዜ እየተወዛወዘ ቅንጣቱን ወደፊት ይገፋዋል። ሞገዱ ግድግዳው ውስጥ እየገባ እንዳይባክን ለዓመታት ብረቱን ሲያጥቡ፣ ሲፈትጉ፣ ሲያበስሉ ኖሩ። የኳንተም ሰዎች ደግሞ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ወይም የሬዲዮ ሞገድ ቅንጣት፣ ገብቶ የማይሞትበት ዕቃ። ክራር ስትመታ ክሩ በባቲ ይቃኝ በአምባሰል፣ ጥቂት መቶ ጊዜ ተርገብግቦ ዝም ይላል። የፈርሚላብ ካቪቲ ውስጥ ግን ሞገዱ እስከ 2 ሰከንድ ይቆያል። ሁለት ሰከንድ አጭር ይመስላል። በ1.3 ቢሊዮን አባዙት። 2.6 ቢሊዮን ጊዜ ተወዛውዞም ገና እያዜመ ነው።

ፎቶኑን የሚበላው ጠላት ደግሞ ዝገት ነው አለች። ኒዮቢየም አየር ሲነካው 5 ናኖ ሜትር ያህል የሆነ የኦክሳይድ ቆዳ ያበቅላል። ካቪቲውን አየር በሌለበት አሙቀው ያን ቆዳ ያስለቅቁታል። ኪውቢቱ ላይ ደግሞ ኒዮቢየሙ አየር ሳያገኘው በታንታለም ይሸፍኑታል፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

መልስ 15 ብረታ ብረት ውስጥ የሚሠራ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ይሄማ ቆርቆሮ በዚንክ እንደምንለብጠው ነው፣ ምኑ ተራቀቀ አለ። እኔ ትበሳጫለች ብዬ ፈርቼ ነበር። መልስ 16 ላይ ተስማማችለት። ልዩነቱ ቆርቆሮ ቢዝግ ቤት የሚያፈሰው ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፤ እዚያ ግን ዓይን የማያየው ቆዳ ሥራውን ወዲያውኑ ያበላሻል።

ከ17 እስከ 19 ያለው እንደፈራሁት ሆነ። የሰርን ዓርማ ላይ ስድስት ቁጥር አለ፣ ዋሻው የሲኦል በር ነው፣ ኳንተም የሚሉት ከሌላ ዓለም ጋር መነጋገሪያ ነው። አንዱ ቪዲዮ ለጠፈ። ሌላው ደንቆሮ አለው። አስተዳዳሪው ሁለት መልእክት ሰረዘ፤ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። መልስ 20 ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው፣ እኔንም አስተምረውኛል። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ከሰማይ የሚመጡ ቅንጣቶች ከሰርኑ እጅግ የበረታ ጉልበት ይዘው ጦሳ አናት ላይ ያለውን አየር በየቀኑ ይመቱታል። ፈጣሪ ዓለሙን ያን ያህል ተሰባሪ አድርጎ አልሠራውም አሉ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ የለጠፈ የለም።

መልስ 21 ጸረ ቁስን፣ የተራውን ቁስ ተቃራኒ መንታ፣ አመጣ። ሰርን ውስጥ ቤዝ የሚባለው ሙከራ በጁላይ 2025 አንድ ጸረ ፕሮቶን ይዞ እንደ ኪውቢት ለ50 ሰከንድ አቆይቷል፤ ስለዚህ የጸረ ቁስ ኮምፒውተር ደርሷል ባይ ነው። መልስ 22 ወዲያው አረመው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። የተፈለገው የጸረ ፕሮቶኑን ማግኔታዊ ባሕርይ በረቀቀ ልኬት ከፕሮቶኑ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ቢለያዩ ዓለም ለምን በቁስ እንደተሞላ ፍንጭ ይገኛል። ኪውቢት የሚለው ቃል ሁለት የኳንተም ሁኔታ ያለው ነገር ሁሉ መጠሪያ ነው።

መልስ 23 ፋይበር የሚቀጥል የደሴ ልጅ ነው። እሱ ሲጽፍ ብርዱ ተሰማኝ። ሐረጎ ላይ፣ ሌሊት፣ ጉም ፊት ለፊት ያለውን መኪና ሲሸፍን፣ ከጸጉር የቀጠኑ ሁለት ክሮች ማሽኑ ውስጥ አጋጥሞ በእሳት ያቀልጣቸዋል። እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ጉሙ አርጥቦት ከሆነ መጋጠሚያው ብርሃን ይበላል፤ ቆርጦ እንደገና ነው። የኳንተም መልእክት በአንድ አንድ ፎቶን ከተላከ መንገድ ላይ የጠፋው በምን ይተካል ሲል ጠየቀ። ራሱም መልስ 24 ላይ አሰላው። ጥሩ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ከ100 ፎቶን 32 ያህሉ ይደርሳል። አዲስ አበባን 400 ኪሎ ሜትር ብንለው ከ100 ሚሊዮን አንድ። ይህን ቁጥር በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ ክፍሉ ጸጥ አለ።

መምህርቷ በ25 መለሰች። በተራው መስመር መሃል ላይ ማጉያ ይቀመጣል። ኳንተም ላይ ግን አይሆንም፤ ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ መገልበጥ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ሰላይ ሳይታወቅ የማይገባበትም ለዚሁ ነው። ሰርን እዚህ ውስጥ የገባው በሰዓት በኩል ነው። ነጭ ጥንቸል የሚል ስም ያለው የሰዓት ማመሳሰያ ለራሱ ማሽኖች ብሎ ሠርቶ ነበር። በፋይበር የተያያዙ፣ ኪሎ ሜትሮች የሚራራቁ ሰዓቶችን ከአንድ ናኖ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ያስማማል፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው። የተቆራኙ ሁለት ፎቶኖች በሁለት ከተማ ሲደርሱ የትኛው የየትኛው ጥንድ እንደሆነ የሚታወቀው በመድረሻ ሰዓታቸው ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰዓት ግድ ይላል። ፋይበረኛው ሰዓቱን ለማኅበራችን ስብሰባ ቢያመጡልን ብሎ ተረበ።

መልስ 26 ላይ ነገር ከረረ። አዲስ አበባ የሚሠራ የደሴ ልጅ፣ ፕሮግራመር ነው። ብርዱንም ብረቱንም ሰማን፤ ኳንተም ኮምፒውተሩ ለሰርን እስካሁን የትኛውን ሥራ ሠራለት? ዌብ የተወለደው ሰርን ነው የሚለውን የታወቀ ታሪክ እንዳታመጡብኝ ብሎ አስቀድሞ አጠረው።

መምህርቷ በ27 አላድበሰበሰችም። የማሽኑ ዳታ የሚሠራው በተራ ኮምፒውተር ነው። የፕሮቶን እሽጎች በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይሻገራሉ፤ ከዚያ የሚወጣው መረጃ አብዛኛው እዚያው ይጣላል፣ ጥቂቱ ብቻ ይቀመጣል። ይህን ጎርፍ ኪውቢት ውስጥ ማስገባት ራሱ ማነቆ ነው። የአሁኖቹ ኳንተም ማሽኖች ስህተታቸው ብዙ ነው። የሰርን ሰዎች በትንንሽ ናሙና እየሞከሩ ያሉት ምናልባት የት ይጠቅማል የሚለውን ነው። ተስፋ የሚደረግበት ቦታ ተፈጥሮን ራሷን ማስላት ነው፤ ተራ ኮምፒውተር የሚደክምበት የኳርኮች ግንኙነት።

ፕሮግራመሩ በ28 ስለዚህ መምህሩ ልክ ነበር፣ ፋሽን ነው፣ እናንተ ማስታወቂያ እየሠራችሁ ነው ሲል ደመደመ። መምህሩ እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጠበቃ አልፈለግኩም ነበር። የጀርመኗ ልጅ በ29 ፈነዳች። የ2025 የፊዚክስ ኖቤል የተሰጠው ለክላርክ፣ ለዴቮሬና ለማርቲኒስ ነው፤ ሥራው ደግሞ የ1984 እና የ1985 የሰርኪት ሙከራ ነው። ያኔ ምን ሠራልህ ተብለው ቢቆሙ ኖሮ ዛሬ የምትከራከርበት ኪውቢት አይኖርም አለችው። አንዳንድ ቃል ጨምራለች፤ እሱን ትቼዋለሁ። መልስ 30 ላይ ፕሮግራመሩ ይቅርታ ጠየቀ፣ ግማሹን። ስለ ሰዎቹ የተናገረውን አነሳ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ያለውን ግን እዚያው ተወው። እኔ እንደማየው እዚያ ላይ ልክ ነው። የስሌቱ ክፍል ገና ተስፋ ነው። ብርዱ፣ ብረቱና ሰዓቱ ግን ዛሬ አለ።

ዳሳሹም አለ፤ መልስ 31። ማን እንደሆነ ስሙን ያላወቅኩት ሰው በአጭሩ ጻፈው። ጨለማ ቁስ የሚባለውን፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀውን የማይታይ ነገር፣ የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ነጠላ ፎቶን ካቪቲ ውስጥ ብቅ ቢል መያዝ ይፈልጋሉ። ኪውቢት እንደ ጆሮ ይሆናቸዋል፤ ፎቶኑን ሳያጠፋው ደጋግሞ አለህ ወይ እያለ ይጠይቀዋል። የፈርሚላብና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2021 በዚህ መንገድ ፍለጋውን ከ1,000 ጊዜ በላይ ማፍጠን እንደሚቻል አሳይተዋል። ማንም አልመለሰለትም፤ ሰው ገና በ29 ላይ ነበር።

ከ32 እስከ 37 የተማሪዎች ነው። እንዴት እንሞክረው ይላሉ። የአይቢኤምን እውነተኛ ማሽን በኢንተርኔት በነፃ መሞከር ይቻላል፤ ኪስኪት የሚባለውም ሶፍትዌር ነፃ ነው። ሰርን የበጋ ተማሪዎች ፕሮግራሙን አባል ላልሆኑ አገሮች ልጆችም ይከፍታል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኦፕን ኳንተም ኢንስቲትዩት የሚባል እዚያ ተቀምጧል፤ ኳንተም የሀብታም አገር ዕቃ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው ሥራው። የፒያሳው ልጅ፣ የመልስ 2 ባለቤት፣ ቻርጅ የት አለና ብሎ እንደገና ብቅ አለ። አንዲት ተማሪ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መብራትም ኔትወርክም አለ ብላ አረፈችበት።

መልስ 38 የዚያው የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። እሱም ሌሊት ሞክሮ ኖሯል። ሁለት ኪውቢት አቆራኝቶ፣ 1,024 ጊዜ አስኪዶ፣ ውጤቱን በስክሪን ፎቶ ለጠፈው። መጽሐፉ እንደሚለው መውጣት ያለበት 00 እና 11 ብቻ ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ወጥተዋልም፣ ሁለት ረጃጅም ዓምዶች። ከእነሱ አጠገብ ግን ሁለት ድንክ ዓምዶች ቆመዋል፤ 01 እና 10። መሆን አልነበረባቸውም። ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ጠየቀ።

መምህርቷ ከመድረሷ በፊት ጋሼ በመልስ 39 ደረሱ። አንድ ቃል ነው የጻፉት። ሊክ።

በ40 መምህርቷ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው አለች። ከፊሉ በእርግጥ ሾልኮ የወጣ ነው። ከፊሉ ግን ኪውቢቱ ትክክለኛውን ይዞ አንባቢው መሣሪያ አሳስቶ ያነበበው ነው።

መልስ 41 የጋሼ ነው። ጌጁም፣ መለኪያው ራሱ፣ ይዋሻል ማለት ነው ብለው ልጁን መጀመሪያ ጌጁን እንዲፈትሽ አዘዙት።